ሥራ ያልተባለው የፋሲካ ውኃ

የልጄ ልጅ ቤዛ ትናንት ከትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። እኔ በረንዳው ላይ ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ ምስር እለቅም ነበር። ግንቦት እያለቀ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ደመናው ከጠዋት ጀምሮ ይከብድና ይዘንባል ሲሉት ሳይዘንብ ይመሻል። ቤዛ አጠገቤ ዱካ ስባ ተቀመጠች። መምህሯ ስለ ቤተሰባችሁ ጻፉ፣ በየዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ደግሞ «ወርክ» የሚለው ቃል ይግባበት ብሎ አዟቸው ኖሯል፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እያነበበች ትጽፍ ጀመር። አባቷ መናኸሪያ ይሠራል፤ ጻፈች። እናቷ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ ጻፈች። ከዚያ የእስክሪብቶውን ጫፍ ነከስ አድርጋ አየችኝ።

«እምዬ፣ አንቺስ? ምን ትሠሪያለሽ?»

«እኔማ ምን እሠራለሁ ልጄ፤ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው።»

«እንግዲያ አያቴ አትሠራም ብዬ ልጻፍ?»

«ጻፊ፤ ምን አለበት።»

ልትጽፍ ጎንበስ ስትል ግን እጄ ምስሩ ውስጥ ቆመ። ያን ቃል አውቀዋለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደሉንም የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ ከጎናቸው ቁጭ ብዬ፣ እያየሁ ነው። ከእንግሊዝኛ ግን አንዲት ቃል አለችኝ፤ እሷንም ያገኘኋት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሰው አፍ፣ ይጁቤ፣ ወንዝ ዳር ነው። «ቆይ፣ አትጻፊ» አልኳት። ለእሷ የነገርኳትን ነው እንግዲህ እዚህ የማሰፍረው፤ ለእሷ ሳልነግራት የቀረሁትንም ትንሽ ትንሽ ጨምሬበት።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። መንግሥት ተለውጦ ብዙም ያልቆየበት ዘመን ነው። የአባቴ አገር ቁይ አካባቢ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ወጥቼ ይጁቤ፣ አክስቴ አንጓች ቤት ነበርኩ። ያወጣኝ ትዳር ነው። በልጅነቴ ዳሩኝ። ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዛሬም ስሙን በክፉ አላነሣም። ዝም ያለ ሰው ነበር። እናቱም ዝም፣ ቤቱም ዝም፤ በረት ያሉት ከብቶች እንኳ እዚያ ቤት ሲገቡ ድምፃቸው የሚጠፋ ይመስለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ወሬ የምወድ፣ ብቻዬን ስሆን እንኳ ከእንስራዬ ጋር የማወራ ልጅ ነኝ። አንድ ቀን ገበያ ብዬ ወጥቼ በዚያው ቀረሁ። ጤፉ ታጭዶ የተከመረበት ወር ነበር፤ መንገዱ ሁሉ ጭድ ጭድ ይሸታል። ጠዋት ያሰርኳትን ቆሎ እየቆረጠምኩ፣ ወደ ኋላዬ እያየሁ ሄድኩ። አልፈራሁም ብል ውሸት ነው።

አባቴ ሲሰሙ ሽማግሌ ላኩ። አክስቴ አንጓች የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ፣ ልቧ ግን ቅቤ የሆነ ሴት። ሽማግሌዎቹን በጠላ ስትቀበል ስታስተናግድ ዋለችና ማታ ላይ አንድ ነገር አስማማቻቸው። ልጅቱ ሥራ ካላት ትቀመጥ፤ ሥራ ያጣች ቀን ግን ወደ ባሏ ትመለስ ተባለ። አባቴም እሺ አሉ። የአባቴ እሺታ እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም፤ ከተገኘም የሚታጠፍ አልነበረም።

የእኔ ሥራ ችግኝ ጣቢያ ነበር። ከከተማው ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ አጠገብ፣ በእሾህ አጥር የታጠረ ሰፊ ቦታ። አፈር እየነፋን በላስቲክ እንሞላለን፣ ዘር እንዘራለን፣ በሞተር ከወንዝ የተሳበውን ውኃ እናጠጣለን። ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ባሕር ዛፍም ነበረ። አክስቴም እዚያው ነው የምትሠራው። አዛዣችን ሄለን የምትባል ፈረንጅ ነበረች። ስሟ ሄለን መሆኑን ስንሰማ፣ መስቀሉን ያስቆፈረችው ንግሥት ስም ነውና እንደ ዘመድ ደስ አለን። ረጅም ናት፤ ፀሐያችን አፍንጫዋን እየላጠ አስቸግሯት ነበር። ከአማርኛ «ጤና ይስጥልኝ» እና «ጎበዝ» ብቻ ነው የምታውቀው። የቀረውን የሚያስተረጉምላት ጋሸ ከድር ነው። ጋሸ ከድር የወሎ ልጅ፣ ሙስሊም፣ እዚያው ይጁቤ የእንግሊዝኛ መምህር፤ ከሰዓት በኋላ እየመጣ ነበር የሚያግዛት። ሥጋ አንካፈልም እንጂ በየበዓሉ ማርና ዳቦ ሳንልክለት አንውልም ነበር።

ያቺን ቃል ከሄለን አፍ የማንሰማበት ቀን የለም። እኛ አፈር ስንሞላ፣ ወርክ ናት። እሷ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ አገጯን በመዳፏ ደግፋ ወረቀት ስታይ ብንጠራት፣ እጇን ታነሣና ወርክ ላይ ነኝ ትላለች። ሞተሩ ተኮላትፎ ሲቆም፣ አይ፣ ወርክ የለም ትላለች፤ ይሄስ በእኛም ያለ ነው፣ ሞተሩ አይሠራም እንላለን። የገረመኝ ግን ዝግባው ነው። የዝግባ ፍሬ መሬት ገብቶ ቶሎ ብቅ አይልም፤ ሰው ተስፋ ያስቆርጣል። እኛ መደቡን እያየን ስናጉረመርም ሄለን ተንበርክካ አፈሩን በጣቷ ነካ ነካ ታደርግና እሱም ከሥር ወርክ ላይ ነው ትለናለች። አክስቴ ይህ ሲተረጎምላት፣ «እንግዲያ እኔም ሌሊት ስተኛ እየሠራሁ ነዋ፤ ጋሸ ከድር፣ ይንገሯት፣ የሌሊቱም ይታሰብልኝ!» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። እኔ ከሳቅ በኋላም ነገሩ ከልቤ አልወጣም። አንድ ቃል እንዴት ለሰውም፣ ለሞተርም፣ ለተኛ ዘርም ይበቃል?

ሁዳዴ ጾም ሲጋመስ ሞተሩ ጨርሶ ቆመ። ፀሐይዋ ደግሞ የዚያን ዓመት ጠናች። ውኃ ከወንዝ በእንስራ እየቀዳን፣ ሽቅብ እየተሸከምን ማጠጣት ሆነ። በሽሮና በስልጆ የቆየ ጉልበት፣ ቀን ሲያጋምስ ጉልበት አይባልም። እንደዚያም ሆነን ግን መደቡ ሳይደርቅ የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ላይ ደረስን።

ያን ቀን ሄለን ሰበሰበችን። ጋሸ ከድር ከጎኗ ቆሞ እንዲህ አለን።

«ሄለን የሞተሩን ዕቃ ልትገዛ ዛሬ አዲስ አበባ ትሄዳለች። የምትመለሰው ከፋሲካ በኋላ ነው። እስከዚያ፣ በፋሲካ ሳምንትም ቢሆን፣ ሥራ እንድትሠሩላት ትለምናችኋለች።»

አክስቴ አማተበች።

«በጌታ ትንሣኤ? ሥራ?»

ለማያውቅ ልንገር። እኛ አገር ከፋሲካ እስከ ዳግም ትንሣኤ ያለው ሳምንት በሙሉ በዓል ነው። በሬ አይጠመድም፣ አፈር አይቆፈርም፣ ጥጥ አይፈተልም። ያንን የሚሽር ሰው ካለ፣ በረዶ ቢወርድ በእሱ ያሳብባሉ፤ ላም ብትጨነግፍ በእሱ ነው።

«ጋሸ ከድር» አለች አክስቴ፣ «እርስዎ ሰው አክባሪ ነዎት። ይህን ነገር አልሰማንም ይበሉልን፣ እርስዎም አላሉንም።»

ጋሸ ከድር ፊቱ ቀላ። ተረጎመላት። ሄለን እኛን አየች፣ ችግኙን አየች፤ ዓይኗ ውኃ ሞላ። ቀስ ብላ ተናገረች፣ እሱም ቀስ ብሎ ተረጎመው። ሳምንት ሙሉ ውኃ ካጡ ይደርቃሉ። ከደረቁ የአዲስ አበባው ቢሮ ጣቢያውን ይዘጋውና ወደ ደጀን ያዛውረዋል። ቁጣ አልነበረም፤ ያዘነ ሰው ድምፅ ነው።

ለሌሎቹ ሴቶች ይህ የሥራ ነገር ነው። ለእኔ ግን ከዚያም በላይ ነበር። አባቴ በፋሲካ ሳምንት እመጣለሁ ብለው ልከውብኝ ነበር፤ የባሌ ሽማግሌዎችም ለዳግም ትንሣኤ ሊሰበሰቡ ቀጠሮ ይዘዋል። አባቴ መጥተው ጣቢያው ተዘጋ ቢባሉ፣ ሥራ አጣች ማለት ነው። ሥራ አጣች ማለት ደግሞ ያ ዝም ያለ ቤት ነው።

በነጋታው ጸሎተ ሐሙስ ነበር። ለጉልባኑ ባቄላውና ስንዴው ተዘፍዝፎ አድሯል፤ ውኃ ልቀዳ ወረድኩ። ሞልቼ መጣሁ። አልበቃም፤ እንደገና ወረድኩ። ሁለተኛውን ተሸክሜ ሽቅብ ስወጣ ነው አንድ ነገር የመጣልኝ። የፋሲካ ዕለትም እኮ እቀዳለሁ። በማግሥቱም እቀዳለሁ። ለጥጃውም፣ ለዶሮዎቹም፣ ለእንግዳ እግር መታጠቢያም። ስንት በዓል ውኃ ስቀዳ ስኖር አንድ ሰው እንኳ በዓል ሻርሽ ብሎኝ አያውቅም። ሥራ ነው ያለኝም የለም።

ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ካህናቱ የሕዝቡን እግር የሚያጥቡበት ቀን ነው። የነፍስ አባታችን ቄስ አዳነ ሲያጥቡ ውለው፣ እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው ርሶ፣ ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ አረፍ ብለው ነበር። መስቀል ተሳለምኩ።

«አባ፣ በፋሲካ ሳምንት ውኃ መቅዳት ይቻላል?»

«ምን ያለው ጥያቄ ነው? ውኃ ሳይቀዳ ማን ይኖራል?»

«ለጥጃ ማጠጣትስ?»

«እንዴታ። በሰንበት አህያውን ፈትቶ ውኃ የማይወስድ ማን ነው ብሎ ጌታ ራሱ በወንጌል ጠይቋል እኮ።»

«ለችግኝስ አባ?»

ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉብኝ።

«ያች ፈረንጅ ናት የላከችሽ?»

«አልላከችኝም። እሷማ ሥራ ነው የምትለው። እኔ ነኝ ውኃ ያልኩት።»

«ዛሬ ውኃ ትላላችሁ፣ ነገ ዶማ ትላላችሁ፤ ከዚያ በዓሉ የታለ?»

እውነታቸውን ነው። መሬት መሬት እያየሁ፣ ጣቢያው ከተዘጋ አባቴ መጥተው እንደሚወስዱኝ ነገርኳቸው። ቄስ አዳነ የተዳርኩ ጊዜ አልነበሩም፣ የሸሸሁ ጊዜ ግን ንስሐዬን የሰሙ እሳቸው ናቸው። እርጥቡን እጅጌያቸውን ጨመቅ ጨመቅ አደረጉ።

«እንግዲያ ስሚ። አፈር አይነካም። ዶማና አካፋ አይነሣም። ውኃ ብቻ። ዋጋም እንዳትቀበሉበት። ዋጋ ከተቀበላችሁበት ሥራ ነው፤ ያን ጊዜ ንስሐ ብላችሁ እኔ ዘንድ እንዳትመጡ።»

ቤት ገብቼ ለአክስቴ ስነግራት ጉልባኑን የምታማስልበትን ማንኪያ ይዛ ዞረች።

«ያለ ዋጋ? ፈረንጅዋ ከቄስ አዳነ ትሻላለች በይኛ!» ትንሽ አማሰለች። «እኔ እንደሆንኩ ለዝግባ ብዬ ወገቤን አልቆርጥም። ለአንቺ ብዬ ነው። ለሴቶቹም እኔ እነግራለሁ፤ አንቺ ብትነግሪያቸው ተለማምጠሽ ታበላሺዋለሽ።»

ፋሲካ ሆነ። ዶሮው፣ ድፎው፣ ከሁለት ወር ጾም በኋላ ቅቤው ሲሸት ያለው ነገር፤ እሱን የጾመ ያውቀዋል። በማግሥቱ ሰኞ ጠዋት እንስራዬን አዝዬ ስወርድ፣ ብቻዬን እሆናለሁ ብዬ ነበር። ሴቶቹ ግን ነጭ ቀሚሳቸውን እንደለበሱ፣ ራሳቸውን ቅቤ እንደተቀቡ፣ ተከታትለው መጡ። ለበዓል እንደሚቀዳ ውኃ ነው የቀዱት፤ እየተሳሳቁ፣ ማን ምን አረደ እየተባባሉ። ቅቤው በፀሐዩ እየቀለጠ በግንባራችን ይወርዳል። ታችኛዎቹ መደቦች ጠጡ። ላይኛው፣ የዝግባው መደብ፣ ከወንዙ ሩቅ ነው፤ እዚያ ሳንደርስ ሴቶቹ እንግዳ ሊቀበሉ ተበተኑ። በማግሥቱም እንዲሁ። ማክሰኞ ቀትር ላይ ዝግባው አንገቱን ደፍቶ አገኘሁት። በስንት ጊዜው ብቅ ያለ፣ ገና የጣት ቁመት ያልሞላ። የቀረነው እኔ፣ አክስቴና ጥቂት ሴቶች ነን። እንስራ አንድ ጊዜ ወጥቶ ስንቱን ያረካል?

አባቴ የመጡት ይህን ጊዜ ነው። በቅሏቸውን እየሳቡ፣ በአጥሩ በር ገቡ። በቅሎዋ የጌጥ ልብሷን፣ ግላሷን ለብሳ፣ ኮርቻ ተጭናለች። ኮርቻው ባዶ ነው። ለማን እንደተጫነ ገባኝ። እንስራዬን አውርጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«በዓል አይደለም እንዴ ዛሬ?» አሉኝ። «ሥራ ላይ ነሽ?»

«ሥራ አይደለም አባ። ውኃ እያጠጣን ነው።»

«ዋጋ አላችሁበት?»

«የለንም። ቄስ አዳነ አትቀበሉ ብለዋል።»

«ያለ ዋጋ፣ ለማን ብላችሁ?»

«ካልጠጡ ይደርቃሉ አባ። ከደረቁ ቦታው ይዘጋል። ቦታው ከተዘጋ…»

አልጨረስኩትም። እሳቸውም ጨርሺ አላሉኝም። ጥላ ፈልገው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አክስቴ ለእኛ ካመጣችው ጠላ በዋንጫ ቀዳችላቸው። እየጠጡ ያዩን ነበር፤ ስንወርድ፣ ስንወጣ፣ ስንወርድ። አንድም ቃል አይወጣቸውም። ዝምታ የምጠላ ሰው፣ የዚያን ቀን ዝምታ እንዴት እንደቻልኩት አላውቅም። በመጨረሻ አክስቴ መታገሥ አቃታት።

«ጋሸ፣ ጠላውን ቶሎ ይጨርሱልኝ፤ ዋንጫው ውኃ ይቀዳበት። እንዳያያዛችን የእሱም እርዳታ ያስፈልገናል።»

አባቴ ዋንጫውን አስቀመጡ። ተነሡ። ወደ በቅሎዋ ሄደው ግላሱን አጠፉ፣ ኮርቻውን አወረዱ፣ ሁለቱንም ሣሩ ላይ አኖሩ።

«ጀሪካን የለም እዚህ?»

በእኛ አገር ወንድ እንስራ አያዝልም፤ ቢያዝል እስኪሞት ይወራበታል። በበቅሎ መጫን ግን ወግ ነው። ከመጋዘኑ ቢጫ ጀሪካኖች አወጣን። አባቴ የኮርቻውን ጠፍር ፈትተው ጀሪካኖቹን በግራና በቀኝ አሰሩላት፤ ወደ ወንዙ ይዘዋት ወረዱ። እኔን ተሸክማ ወደዚያ ቤት ልትመልሰኝ የመጣች በቅሎ፣ ያን ቀን እስኪመሽ ድረስ ለዝግባው ውኃ ስታመላልስ ዋለች። አክስቴ በየምልልሱ «እሰይ የኔ እመቤት!» እያለች ታሞግሳታለች። አባቴ «ዝም በይ፣ ትደነግጣለች» ይላሉ፤ ጺማቸው ውስጥ ግን ፈገግታ ነበር። አንድ ጊዜ ዞር ብዬ ሳይ፣ የረሰረሰውን የዝግባ መደብ ጎንበስ ብለው ያያሉ። ልክ እንደ ሄለን አፈሩን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

በነጋታው ጠዋት በቅሎዋን ጭነው ተነሡ። መንገድ ልሸኛቸው ወጣሁ። ኮርቻው ባዶውን ነው። ከከተማው መውጫ ሲደርሱ ቆም አሉና ሳያዩኝ፣ «በይ ሥራሽን ያዢ» አሉኝ። ዳግም ትንሣኤ ዕለት ሽማግሌዎቹ ፊት የተናገሩትን በኋላ ነው የሰማሁት። ልጅቱስ የታለች ሲባሉ፣ «ልጄ ሥራ ላይ ናት» ብለው ተቀመጡ አሉ። ከባሌ ጋር በሽማግሌ በሰላም ተለያየን፤ እሱም ሌላ አግብቶ ወልዶ ከበደ።

ሄለን በሳምንቱ ማብቂያ የሞተሩን ዕቃ አንጠልጥላ ስትመጣ፣ ከመኪናው ሳትወርድ ጀምሮ አንገቷን እያሰገገች ነበር። አረንጓዴውን ስታይ ሮጠች። ከዚያ፣ ለሠራችሁበት ይከፈላችኋል አለችን በጋሸ ከድር በኩል። አልሠራንም አልናት። እሷ እርጥቡን መሬት እያሳየች ወርክ ትላለች፤ እኛ ኖ፣ ኖ። ጋሸ ከድር መሃል ቆሞ ወዲያ ወዲህ ሲተረጉም ላብ አጠመቀው። ነገሩ ሁሉ ሲገባት ራሷን ይዛ ሳቀች፣ እየሳቀችም ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረች፤ እስከ ዛሬ አልረሳውም። በእኛ አገር ይህ ሁሉ ወርክ ነው አለች። እንስራውን አሳየች፣ ወገቤን በእጇ ነካች፣ በመንገዱ ላይ የበቅሎዋን ኮቴ አሳየች። እናቴ ቤት ውስጥ ስትደክም የኖረችውም ወርክ ነው፤ እናቴም ግን ስትጠየቅ እንደ እናንተ ምንም አልሠራም ነው የምትለው አለች።

እኔ እንግዲህ የቃላት ነገር አላውቅም። የሄለን ቃል ሰፊ ነው፤ ሁሉን ያቅፋል። የእኛው ደግሞ በዓል ሲሆን በር ይዘጋል፤ በሩን ስለዘጋ ነው ሰው የሚያርፈው። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። እኔ ዛሬ እዚህ በረንዳ ላይ የተቀመጥኩት በሁለቱ መሃል ባለች ጠባብ መንገድ፣ ውኃ ተሸክሜ ሾልኬ ነው። ዝግባዎቹ ክረምት ሲገባ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተተከሉ። ሁሉም አልጸደቁም፤ ከብት የበላው አለ፣ የተቆረጠ አለ። ይጁቤ ለለቅሶ በሄድኩ ቁጥር ግን ጥላቸው ሥር አረፍ የምልባቸው ጥቂቶች አሉ። አባቴም አክስቴም አሁን አፈር ለብሰዋል።

ቤዛ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ስትሰማኝ ቆይታ፣ «ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ።

«አያቴ ትሠራለች በይ። ሄለን እንደምትለው።»

ጻፈች። «ቅድመ አያቴንስ? ለሞተ ሰው አጻጻፉ ይለያል እንጂ እሱንም እችላለሁ።»

እሳቸውም ሠርተዋል ልላት አልኩና ተውኩት።

«እሳቸውን ተያቸው ልጄ። በፋሲካ ሠሩ ተብሎ ቢጻፍባቸው ካሉበት ሆነው ይቆጡኛል። በቅሎዋን ጻፊያት።»

«እምዬ ደግሞ! መምህሩ ስለ ቤተሰብ ነው እኮ ያለው። በቅሎ ከቤተሰብ ትቆጠራለች እንዴ?»

«ያቺኛዋ ትቆጠራለች» አልኳት፣ ወደ ምስሬ እየተመለስኩ።